ደም የማይፈስበት ወንጀል አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ባለፈው ሰሞን በመዝናኛ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ድሮ የአሜሪካ የሬድዮ ድራማዎች የወጣውን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ስለ ጆኒ ዶላር የሚጽፍ ሰው ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጸሐፊው ስለ ድምፅ ቅንብሩም ስለ ተዋናዮቹም ያሉት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማንም። የመርከብ ኢንሹራንስ ማጭበርበርን የሚመለከተውን ክፍል ሲያነሱ ወንጀሉን «ደም የማይፈስበት» ብለው አልፈውታል። ሀብታም ሀብታምን አታለለ፣ አሮጌ ብረት ሰጠመ፣ ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ዞረ፣ አለቀ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኢንሹራንስ ቤት ነው። ክፍሌ የባሕር ጭነት ካሳ ነበር፤ እኛ «ማሪን ክሌም» የምንለው። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ መርከብ አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ተከራከርኩ። ስለዚህ ይህን ቃል አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሆን ተብሎ የሚሰጥም መርከብ ውስጥ ሰው አለ። ሞተር ክፍል ውስጥ የሚያልበው ሰው አለ፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው አለ፣ ተራው ደርሶ የተኛ ሰው አለ። ስለ እነሱ ነው የምጽፍላችሁ።

ድራማውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል፤ መታወቅ የሚገባው ሥራ ነውና። «ዩርስ ትሩሊ፣ ጆኒ ዶላር» በሲቢኤስ ሬድዮ እ.ኤ.አ. በ1949 ተጀመረ። ያበቃው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1962 ነው። ያን ቀን «ሰስፔንስ» የሚባለው ሌላው የጣቢያው ድራማም አብሮ ስለተዘጋ፣ ብዙዎች የአሜሪካ የሬድዮ ድራማ ዘመን ያበቃው በዚያ ምሽት ነው ይላሉ። ጆኒ ፖሊስ አይደለም። ሃርትፎርድ፣ ኮኔክቲከት የሚኖር፣ ለየኩባንያው በኮንትራት የሚሠራ የኢንሹራንስ መርማሪ ነው። ሃርትፎርድ ትልልቆቹ የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የተሰበሰቡባት ከተማ ስለሆነች ቦታው በደንብ ታስቦበታል። ስልክ ይጮኻል፣ ያነሳል፣ ስሙን ይናገራል፣ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

ታሪኩን የሚተርክበት መንገድ ደግሞ ለእኔ ቢጤ ልዩ ነው። የወጪ ሒሳብ እያወራረደ ነው የሚያወራው። ወጪ ቁጥር አንድ፣ የአውሮፕላን ቲኬት። ወጪ ቁጥር ሁለት፣ ታክሲ። እያለ እያለ ወንጀለኛው ጋ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ደምሮ፣ ፈርሞ ለኩባንያው ይልካል። እኛም ዘንድ ጅቡቲ ወርዶ የተመለሰ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠየቀው አበሉን እንዲያወራርድ ነው። ደረሰኝ በደረሰኝ ሲያስረዳ የሄደበትን ጉዳይ ሁሉ ያወራዋል። የድራማው ጸሐፊዎች ይህን ከኢንሹራንስ ቤት ወስደው የትረካ ስልት ማድረጋቸው ትልቅ ችሎታ ነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት መግቢያ አገኙለት፤ ጊዜና ቦታ ለመቀየር አንድ መስመር ሒሳብ ይበቃቸዋል።

ስድስት ተዋናዮች በጣቢያው ላይ ተፈራርቀው ተጫውተውታል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ቦብ ቤይሊ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1955 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ድራማው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን 15 ደቂቃ ይተላለፍ ነበር። አንድ ታሪክ አምስት ቀን ይወስዳል። «የሞሊ ኬ ጉዳይ» የዚያ ዘመን ነው፣ በዚያው በኦክቶበር 1955 የተላለፈ። ሞሊ ኬ መርከብ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ቅጂዎቹን በፍላሽ ስትልክልኝ ቀድሜ የከፈትኩት እሱን ነው። መጨረሻውን አልናገርም፤ የሚሰማ ሰው ካለ ደስታውን አልነፍገውም።

አምስት ቀን መሆኑ ለምን ጠቀመ? ሰዎቹ ለመናገር ጊዜ ስላገኙ ነው። በግማሽ ሰዓት ድራማ ውስጥ መርማሪው፣ ባለንብረቱና ገዳዩ ከገቡ ቦታው ሞላ። በአምስት ቀን ግን ወደብ ላይ ያለው ሰው፣ የቡና ቤቱ ሠራተኛ፣ የካፒቴኑ ባልንጀራ ሁሉ ድምፅ ይኖራቸዋል። ድምፅ ብቻ ባለበት ጥበብ ውስጥ ደግሞ ያልተናገረ ሰው የለም ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድራማውን ልወቅስ አልፈልግም። ጆኒ ዶላር የተቀጠረው ካሳው ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚለውን ለመመለስ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ በብር ይጀምራል፣ በብር ያልቃል። የሚያናድደኝ የዛሬ ጸሐፊ ያንን የሒሳብ ወረቀት ብቻ አይቶ ጉዳዩ የብር ብቻ ነው ሲል ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የመርከብ ኢንሹራንስ ሲፈረም መርከቧ ስንት ታወጣለች የሚለው አስቀድሞ ስምምነት ይደረግበትና ውሉ ላይ ይጻፋል። ገበያው ሲወድቅ የመርከብ ዋጋ አብሮ ይወርዳል። ጭነት ከጠፋ ደግሞ ቆማም ቢሆን በየቀኑ ታስወጣለች፤ የወደብ ክፍያ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ የባንክ ወለድ አለ። ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔ ከምትንሳፈፈው መርከብ የሰጠመችው የበለጠ ታወጣለች። የማይፈራ ባለንብረት ፈተናው እዚህ ላይ ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለው ነገር ከመብዛቱ የተነሳ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት በ1981 የባሕር ንግድ ማጭበርበርን የሚከታተል ቢሮ አቋቋመ። ዛሬ ሰው ይህን ቢሮ የሚያውቀው ስለ ባሕር ወንበዴዎች በሚያወጣው ሪፖርት ነው። የተወለደው ግን ከባለንብረቶች ማጭበርበር ነው።

ከዚያ በፊትም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ መርከበኞች አንዳንድ መርከቦችን የሬሳ ሣጥን እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ያረጁ ናቸው፣ ከአቅማቸው በላይ ተጭነዋል፣ ኢንሹራንሳቸው ግን ሙሉ ነው። ቢደርሱም ባለቤቱ ያተርፋል፣ ቢሰጥሙም ያተርፋል። ውል ፈርሞ በኋላ መርከቧን አይቶ «አልሳፈርም» ያለ መርከበኛ ደግሞ እስር ቤት ይገባ ነበር። እስቲ አስቡት። ከመስጠም ወይም ከመታሰር ምረጥ ነው የሚባለው። የደርቢ ከተማ የፓርላማ ተወካይ የነበረው ሳሙኤል ፕሊምሶል ነው ይህን ይዞ የጮኸው። እ.ኤ.አ. በ1875 ሕጉ ሊጓተት ሲል ምክር ቤቱ ውስጥ ተነስቶ በቁጣ ተናገረ፣ ሥነ ሥርዓት ጣሰ ተባለ፣ ሕዝቡ ግን ከጎኑ ቆመ። በ1876 የወጣው ሕግ መርከብ ጎን ላይ የጭነት ልክ ምልክት እንዲደረግ አስገደደ። ጅቡቲ ወደብ የሄደ ሰው ያንን ምልክት ዛሬም ያየዋል፤ ክብ ነው፣ መሐሉን መስመር ያቋርጠዋል። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። በሞቱ መርከበኞች ነፍስ የተገኘ መስመር ነው።

ጸሐፊው በልባቸው ይዘውት የነበረው እንደ ሳሌም ያለ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እሱ በእርግጥ ለድራማ የተፈጠረ ይመስላል። ሳሌም ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1979 መጨረሻ ከኩዌት 190,000 ቶን ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ወደ አውሮፓ ተነሳች። ጭነቱን መንገድ ላይ ሳለች ሼል ገዛው። እሷ ግን ስሟን በቀለም አስቀይራ፣ «ለማ» ተብላ ደርባን ገባች። ያኔ የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት በማዕቀብ ምክንያት ነዳጅ ቸግሮታል። 180,000 ቶን ያህሉን እዚያ አራገፈች። የተጫነች እንድትመስል ጋኖቿን የባሕር ውሃ ሞልተው ጉዞ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1980 ሴኔጋል ፊት ለፊት ሰጠመች። «ብሪቲሽ ትራይደንት» የሚባል መርከብ ደርሶ መርከበኞቹን ከነፍስ አድን ጀልባ ላይ አነሳቸው። አዳኞቹን ያስገረማቸው መርከበኞቹ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው መገኘታቸው ነው። በድንገት መርከቡ የሰጠመበት ሰው ሻንጣ አዘጋጅቶ አይጠብቅም። ከዚያን የሚያህል ጭነት የሚጠበቀው ዘይት ደግሞ ባሕሩ ላይ አልታየም። ሼል የከሰረው 56 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ሳሌም ላይ ማንም አልሞተም። እሺ። ያ ግን ተሰልቶ የተገኘ ነገር ነበር? በፍጹም። ውቅያኖስ ላይ መርከብ አስጥሞ በጀልባ መውረድ በማንም ቁጥጥር ሥር ያለ ነገር አይደለም። ሞገድ ቢነሳ፣ አላፊ መርከብ ባይኖር፣ አንድ ሰው ታች ቢቀር ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። በሕይወት መትረፋቸውን ለአጭበርባሪዎቹ ምስክር አድርገን ማቅረብ የለብንም።

ሌላ ይሆን እንደነበር በምን አወቅህ ካላችሁኝ፣ ከሳሌም ሦስት ዓመት ቀድሞ የሆነውን ልንገራችሁ። የሉኮና ጉዳይ ይባላል። እሱን ካነበብኩ በኋላ የመርከብ ማጭበርበር ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰው ነበረባት የሚለውን ነው።

ቪየና ውስጥ ዴመል የሚባል፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለቤተ መንግሥት ያቀርብ የነበረ ኬክ ቤት አለ። በ1970ዎቹ ባለቤቱ ኡዶ ፕሮክሽ ነበር። ሰውየው የታወቀ ነው፤ ሚኒስትር ጓደኛው ነው፣ ባለሥልጣን ኬክ ቤቱ ላይ ባለው ክበብ ይሰበሰባል። ይህ ሰው ሉኮና የምትባል መርከብ ላይ ዕቃ አስጫነ። የዩራኒየም ማዕድን ማጣሪያ መሣሪያ ነው ብሎ በ212 ሚሊዮን ሽልንግ ኢንሹራንስ ገዛለት። የተጫነው ግን ዋጋ የሌለው ቁርጥራጭ ብረትና አሮጌ ማሽን ነበር። አብሮትም በሰዓት የሚፈነዳ ቦምብ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1977 ሉኮና ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ማልዲቭስ አካባቢ ፈነዳችና በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ታች ሄደች። 12 ሰዎች ነበሩባት። ስድስቱ ሞቱ።

ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ሰውየው ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ ምርመራው ተጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ። ጓደኞቹ ከላይ ሆነው እንደሚያስቆሙት በኋላ ሲታወቅ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩና የፓርላማው ፕሬዝዳንት እ.ኤ.አ. በ1989 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፕሮክሽ በ1988 ከአገር ጠፍቶ ነበር። መልኩን በቀዶ ሕክምና አስቀይሮ ሲመለስ ቪየና አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። አሁንም ግን ማስረጃው ባሕር ውስጥ ነው። አጭበርባሪ ጥልቅ ባሕር የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ ምስክሩ 4 ኪሎ ሜትር ታች ይተኛለታል። ዳኞቹ ግን ይፈለግ አሉ። በ1991 መርከቧ ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኘች። ፎቶ ተነሳች። ከውስጥ እንደፈነዳች ብረቱ ራሱ መሰከረ።

እዚህ ላይ ነው ጸሐፊውን አጥብቄ የምሞግታቸው። ፍርድ ቤቱ ይህን ጉዳይ የኩባንያዎች ጠብ አድርጎ አላየውም። ፕሮክሽ ጥፋተኛ የተባለው ስድስት ሰው በመግደል ነው። መጀመሪያ 20 ዓመት ተፈረደበት፣ በ1992 ወደ ዕድሜ ልክ ከፍ ተደረገ። እስረኛ እንዳለ በ2001 ሞተ። ታሪኩ በኦስትሪያ ሲወራ ግን ሚኒስትሮቹ ይወራሉ፣ ኬክ ቤቱ ይወራል፣ የተቀየረው ፊት ይወራል። ስድስቱን መርከበኞች ማን ያነሳቸዋል? እኔም ራሴ ስለ ጉዳዩ ያነበብኩት ሁሉ የሰውየውን ኮፍያና አለባበስ ሳይቀር ይነግረኛል፤ የሟቾቹ ቤተሰብ እንዴት እንደሆነ ግን አንድ ገጽ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ ጎረቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2011፣ ኤደን ፊት ለፊት። ያን ጊዜ የሶማሊያ ባሕር ወንበዴዎች የዓለም ራስ ምታት ነበሩ። ለእኛም ጭንቀት ነበር፤ የአገራችን ገቢና ወጪ ጭነት በዚያው ባሕር ነው የሚያልፈው። «ብሪያንቴ ቪርቱኦሶ» የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ 140,000 ቶን ገደማ ጭና ወደ ቻይና ስትሄድ ኤደን አጠገብ ቆማ የጥበቃ ሰዎች ትጠብቅ ነበር። በሌሊት ሰባት ጭምብል ያደረጉ የታጠቁ ሰዎች በጀልባ መጡ። የጥበቃ ሰዎች ነን አሉ። መሰላል ወረደላቸው። ከዚያ መርከቧ ተቃጠለች። 26ቱን ፊሊፒናውያን መርከበኞች የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ አተረፋቸው። ዓለም የሰማው ወንበዴዎች መርከብ አቃጠሉ ተብሎ ነው።

ዴቪድ ሞኬት የሚባል እንግሊዛዊ ኤደን ይኖር ነበር። ሰርቬየር ነው። መርከብ ወይም ጭነት ተጎዳ ሲባል ሄዶ የሚያይ፣ የሚለካ፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ ያየውን የሚጽፍ። የእኛ ክፍል የሚኖረው በእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ሪፖርት ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እከፍላለሁ ወይም አልከፍልም የምለው እሱ ብረቱን ነክቶ ስለመጣልኝ ነው። ሞኬት የተቃጠለችው መርከብ ላይ ወጣ። የተባለው ነገር ካየው ጋር አልገጠመለትም። ወንበዴዎች ተኮሱ የተባለው የሮኬት ምልክት የለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጁላይ 20፣ መኪናው ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሞተ። አገሩ ላይ የአሟሟቱን ምክንያት ያጣራው ባለሥልጣን በሕገ ወጥ መንገድ ተገድሏል ብሎ ወሰነ።

የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የኢንሹራንሱን ክስ ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ሰጠ። የወንበዴዎቹ ነገር የተቀነባበረ ነው፣ የተቀነባበረውም በመርከቧ ባለቤት ነው አለ። ክሱ የኢንሹራንስ እንጂ የግድያ ስላልነበረ የሞኬትን ደም ለማንም አላሸከመም፤ እኔም አላሸክምም። የምለው ይህን ብቻ ነው። አንድ የሙያ ባልደረባዬ አንዲት መርከብ አይቶ ወረደ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚስቱ መበለት ሆነች። ከዚያች መርከብ ሰዎች ተባባሪ የነበሩ እንዳሉ ፍርዱ ይናገራል። አብዛኛው መርከበኛ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ታጉሮ፣ ከታች ጭስ እየመጣበት፣ መሣሪያ የያዘውን ሰው እውነተኛ ወንበዴ ነው ብሎ ያምን ነበር። ያ ፍርሃት የውሸት አልነበረም።

ወደ አገራችን ስመጣ በእኛ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር አልገጠመኝም። ትንንሹ ግን ነበር፣ ጠባዩም ያው ነው። ጭነቴን የባሕር ውሃ አበላሸው የሚል ካሳ ጠያቂ ይመጣል። ሰርቬየሩ ትንሽ ጠርሙስ ይይዛል፤ ውስጡ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል ኬሚካል አለ። የረጠበው ጆንያ ወይም ካርቶን ላይ ጠብ ያደርገዋል። የባሕር ጨው ካለ ወዲያው ይነጣል። የዝናብ ወይም የቧንቧ ውሃ ከሆነ ባብዛኛው እንዲያ አይነጣም። አንድ አስመጪ ባቀረበው ጉዳይ ላይ ጠብታው አልነጣም። ሰውየው ምን አደረገ መሰላችሁ? የመጋዘኑን ዘበኛ አስጠርቶ «ከመኪና ሲወርድ ረጥቦ ነው የተረከብኩት» የሚል ወረቀት ላይ አስፈርሞት ኖሯል። ዘበኛው ማንበብ አይችልም። ነገሩ ሲገለበጥ ሐሰተኛ ማስረጃ ሰጠ ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ያደረው እሱ ነው። አስመጪው ጥያቄውን አንስቶ ወደ ንግዱ ተመለሰ። ያን ዘበኛ ለማስፈታት የክፍላችን ሰዎች ሁሉ ተሯሯጥን፣ ተፈታም። ሥራውን ግን አላገኘም።

ለዚህ ነው ሉኮናን ሳነብ እንግዳ ነገር ያልሆነብኝ። ትልቁ ሰው ሲያጭበረብር ታች ያለ ሰው ላይ ቆሞ ነው። መርከብ ላይ ሲሆን ደግሞ ታች ማለት ቃል በቃል ታች ነው፤ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው ሞተር ክፍል ነው።

ሞተር ክፍል ስል ለእኛ ሩቅ መስሎ እንዳይታያችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማሪታይም ተቋም ከምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶችን እየወሰደ የመርከብ ሞተር መኮንንና የኤሌክትሪክ መኮንን እያደረገ ያወጣል። ልጆቹ የውጭ ባለንብረቶች መርከብ ላይ ተቀጥረው በዓለም ባሕር ሁሉ ይሠራሉ። የራሳችን የመርከብ ድርጅትም አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተ፣ ዛሬም በሰንደቅ ዓላማችን የሚሄድ። ከደጋ የመጣ፣ ባሕር በፊልም ብቻ ያየ ልጅ ዛሬ ሲንጋፖር ደርሶ ለእናቱ ይደውላል። ደስ ይለኛል፣ እኮራለሁም። ነገር ግን በየትኛውም ውቅያኖስ፣ በየትኛውም ባለንብረት መርከብ ታችኛው ክፍል አሁን የእኛ ልጅ ሊኖር ይችላል። ይህን እያወቅን የመርከብ ማጭበርበርን ደም የማይፈስበት ማለት አንችልም።

ለወላጆችና ለልጆቹ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር፤ ጋዜጣው ላይ ቢወጣ ይጠቅማል። ክፉ ባለንብረት ሁልጊዜ አያሰጥምም። ብዙውን ጊዜ መርከቧን ከነሰዎቿ አንዱ ወደብ ላይ ጥሎ ይጠፋል። ደመወዝ የለም፣ ምግብ የለም፣ መመለሻ የለም። የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ደንብ አለው። ባለንብረቱ መርከበኞቹን ቢጥላቸው እስከ አራት ወር ያልተከፈለ ደመወዝና ወደ አገር መመለሻቸውን የሚሸፍን ዋስትና ሊኖረው ይገባል። የዋስትናው የምስክር ወረቀት ቅጂም መርከቡ ላይ ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ልጄ፣ መርከብ ላይ እንደወጣህ ያንን ወረቀት ፈልገው። ቀኑን እይ። ፎቶ አንሳውና ለቤተሰብህ ላክ።

አሁን ወደ ሬድዮው ልመለስ። የአገራችን የሬድዮ ድራማ ጸሐፊዎች ይህን ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። የእሁድ ጠዋት የሬድዮ ፕሮግራም አድማጭ ሆነን ያደግን ሰዎች ጆሯችን ለድራማ የተገራ ነው፤ ጥሩ ነገር ከቀረበልን እንከታተላለን። የመርከብ ታሪክ ጻፉ። ነገር ግን ዋናውን ሰው መርማሪ አታድርጉት። ሦስተኛ መሐንዲስ አድርጉት። ተራው ሌሊት ነው። ዘግቶት የሄደ የባሕር ውሃ ማስገቢያ ቫልቭ ተከፍቶ ያገኘዋል። ዘግቶት ይወጣል። ሲመለስ እንደገና ተከፍቷል። አለቃው እንዳላየ እለፈው ይለዋል። ይህ ሰው ለማን ይናገራል? ወደብ ሩቅ ነው፣ ካፒቴኑን አያምነውም፣ ደመወዙ ሦስት ወር አልተከፈለም፣ እቤት የሚጠብቁት አሉ። አምስት ቀን ሙሉ ልታስኬዱት ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ድምፅም ብዙ አይደለም፤ የሞተር ጩኸት፣ የብረት መሰላል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት ይሄ ነው። ሬድዮ ላይ ያልተናገረ ሰው የለም፤ እንግዲህ ተናጋሪው እሱ ይሁን።

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው፣ በመዝናኛ ዓምዱ ላይ «ደም የማይፈስበት» ለተባለው ማረሚያ እንድታወጡ ነው። የሉኮናን ስድስት ሰዎች በቁጥርም ቢሆን ጥቀሱልኝ። ሁለተኛው፣ ከባሕር ዳር የወጡ መርከበኞች ለዕረፍት ሲመጡ አነጋግሯቸው። ስለ ደመወዛቸው ብቻ አትጠይቋቸው፤ የነፍስ አድን ጀልባው በየስንት ጊዜው እንደሚፈተሽ፣ ሌሊት ሞተር ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ያዩትን ጉድለት ለማን እንደሚናገሩ፣ ተናግረው ምን እንደደረሰባቸው ጠይቁ። ጥያቄዎቹን ለማዘጋጀት እኔ ዝግጁ ነኝ። ስልኬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተለየ ወረቀት ልኬላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የባሕር ጭነት ካሳ ሠራተኛ
ከቀበና፣ አዲስ አበባ